«እኔ ነኝ» ያለው ዘፋኝ



ባለፈው ወር ከክሊኒኩ የተላኩ ሰዎች ወደ ኪነት ክበባችን መጥተው አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ስለ ኤች.አይ.ቪ. አንድ ዘፈን አዘጋጅተን በመጪው የበዓል ዝግጅት ላይ እንድናሰማ ነበር የጠየቁን። ክራር መቺያችን ወዲያው ዜማ መፈለግ ጀመረ፤ ግጥም የሚጽፉት ጓደኞቻችንም በማግስቱ አንድ ገጽ ሞልተው መጡ። ግጥሙ ሲነበብ ግን ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው «ተጠንቀቁ»፣ «ራቁ»፣ «ወዮላችሁ» የሚል ነበርና፣ ከመካከላችን አንዲት እኅት «በሽታው ያለበት ሰው እዚያው ተቀምጦ ይህን ሲሰማ፣ ተነሥቶ ወዴት ይሂድ?» ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት አልተገኘም። ክርክሩ ቀጥሎ ፋኖሱ ላምባ ስለ ጨረሰ በጨለማ ተለያየን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት የተወለደ ነው። ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ፣ ያውም ስማቸው ከአህጉር አህጉር የተሰማ ሙዚቀኞች ነበሩና የእነርሱን ታሪክ ማንሣቱ ለክርክራችን ይበጃል ብለን አሰብን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በመጀመሪያ ወደ ኮንጎ እንሂድ፤ በዚያን ጊዜ ዛኢር ትባል ወደ ነበረችው። ሉዋምቦ ማኪያዲ፣ ሕዝቡ ፍራንኮ የሚለው፣ «የጊታር ጠንቋይ» የሚል ቅጽል የወጣለት ሰው ነበር። ቲ.ፒ.ኦ.ኬ. ጃዝ የተባለው የሙዚቃ ጓዱ ከኪንሻሳ አልፎ በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችም ሰው ያስጨፍር ነበር። ፍራንኮ ከመንግሥት ጋር የነበረው ነገር ግን አንድ መልክ አልነበረውም። በሰኔ 1966 ሞቡቱ አንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትርና ሦስት የቀድሞ ሚኒስትሮችን በአደባባይ፣ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ሲሰቅል፣ ፍራንኮ ነገሩን በጠንቋይ ተረት ሸፍኖ ዘፈነ፤ ዘፈኑም ታገደ። በ1978 ነውረኛ ዘፈን አውጥተሃል ተብሎ ታሰረ። በ1984 ደግሞ ሞቡቱ ብቻውን እጩ ሆኖ በቀረበበት ምርጫ ፍራንኮ «እጩአችን ሞቡቱ» ሲል ረጅም የውዳሴ ዘፈን አወጣ። በሩቅ ተቀምጠን አንፈርድበትም። አዝማሪ በገዥ ፊት ሲቆም ምላሱ ስንት ቦታ እንደሚታጠፍ አገራችን አሳምራ ታውቃለች፤ ሰምና ወርቅ የሚባለው ጥበብም የኖረው ለቅኔ ውበት ብቻ አይደለም።

በ1987 ይኸው ፍራንኮ «አተንሲዮን ና ሲዳ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። «ሲዳ» ማለት በፈረንሳይኛ ኤድስ ነው፤ ርእሱም «ከኤድስ ተጠንቀቁ» እንደ ማለት ነው። በፈረንሳይኛና በሊንጋላ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ፣ ግማሹን በዜማ ግማሹን እንደ ሰባኪ በንግግር እያደረገ የኅብረተሰቡን ክፍሎች በየተራ እየጠራ ይመክራል። ብዙ መንግሥታት የበሽታውን ስም ለመጥራት በሚያፍሩበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ዘፈን ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ እርሱ ራሱ ከሳ፤ በጥቅምት 12 ቀን 1989 በቤልጅግ አገር በ51 ዓመቱ አረፈ። ዛኢር አራት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀች። ሕመሙ ኤድስ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር፤ እርሱ ግን እንዲያ አላለም፣ እኛም ያላለውን በአፉ አናስገባም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር «እናንተ» የሚል ዘፈን ነው። የእኛ ክበብ የጻፈው ግጥምም እንዲሁ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንመለስ።

ፊሊ ቦንጎሌ ሉታያ በጥቅምት 1951 በዩጋንዳ ተወለደ። በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ ጊታር ያዘ፤ በኮንጎና በኬንያ ሲጫወት ቆየ። አገሩ በአሚን፣ ከዚያም በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ እርሱ በውጭ ኖረ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ስዊድን ገብቶ ስቶክሆልም ተቀመጠ። በዚያ በረዶ ውስጥ ሆኖ ነው «ቦርን ኢን አፍሪካ»ን የሠራው፤ በአፍሪካ ተወለድኩ ማለት ነው። ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ርእስ አይመርጥም፤ ተወልዶ ያደገበትን መሬት በየቀኑ የሚረግጥ ሰው እዚያ መወለዱን መናገር ምን አስፈለገው? እኛ ግን ምን ማለቱ እንደ ሆነ ይገባናል። ካሴቱ ካምፓላ ሲደርስ ከጦርነት ገና የወጣው ሕዝብ ተቀብሎት በየታክሲውና በየሱቁ ይሰማ ጀመር።

በዚያው ጊዜ ዩጋንዳ በሌላ ነገር ታመመች። በ1982 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ በራካይ አውራጃ፣ ካሴንሴሮ በተባለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ሰዎች እየከሱ መሞታቸው ታወቀ። ሕዝቡ በሽታውን «ስሊም» አለው፤ ማክሳት ማለት ነው። ጥንቆላ ነው ያሉም ብዙ ነበሩ። በጥር 1986 ሥልጣን የያዘው የሙሴቬኒ መንግሥት ነገሩን አልደበቀም፤ በዚያው ዓመት የመከላከያ መርሐ ግብር አቋቋመ። ከመፈክሮቹ አንዱ ከከብት አርቢ የተወሰደ ነበር፦ ከብትህን ከበረት አታስወጣ፣ ሣሩን እዚያው አቅርብላት። ገበሬው ምን እንደተባለ ወዲያው ገባው፤ ሳቀም። በ1987 ደግሞ ባሏን በኤድስ ያጣችው ኖሪን ካሌባ ከሌሎች ጋር ሆና ታሶ የተባለውን የሕሙማን ድጋፍ ማኅበር መሠረተች። እንግዲህ መንግሥትም ማኅበርም መፈክርም ነበረ። የጎደለው «ይህ በሽታ እኔ ዘንድ ነው» ብሎ በአደባባይ የሚቆም፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ፊት ነበር። ሁሉም ይቀብራል፤ በምን ሞተ ሲባል ሁሉም ሌላ ስም ይሰጣል።

በሚያዝያ 1989 ሉታያ ከስዊድን መጥቶ ኤድስ እንዳለበት ለሕዝብ ተናገረ። በዩጋንዳ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ዝነኛ ሰው እርሱ ነው።

አመኑት? ብዙዎቹ አላመኑትም። ገና ደንዳና ሰውነት ነበረውና «ካሴት ለመሸጥ ነው»፣ «ገንዘብ ከፍለውት ነው» ተባለ። የሰው ልጅ ጉድ ነው፤ ሲደብቁት በሹክሹክታ ይገድላል፣ ሲነግሩት ደግሞ ማስረጃ አምጣ ይላል። ሉታያ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረ ተናገረ፣ ዘፈነ። የፊልም ሠሪዎችም ተከትለውት ነበር፤ በ1990 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ፊልም የእርሱኑ ዘፈን ርእስ ይዞ ወጣ። በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሰውነቱ ሲያልቅ ሕዝቡ በዓይኑ አየ፤ ማስረጃ ያሉት ሰዎች ማስረጃቸውን በዚህ መንገድ አገኙ። በዚያን ዘመን የነበረው መድኃኒት ከ1987 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው አዚቲ ብቻ ሲሆን፣ ዋጋው የማይቀመስ፣ ብቻውንም ሲሰጥ በሽታውን ለብዙ ጊዜ የማይገታ ነበር። ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው የተጣመሩ መድኃኒቶች የመጡት በ1996 ነው። ስለዚህ ሉታያ ሲናገር ለራሱ የሚያገኘው ፈውስ አልነበረም።

በዚያ ጊዜ ያወጣው ዝነኛ ዘፈኑ ብቸኝነትንና ፍርሃትን በርእሱ የያዘ ነው። የምክር ዘፈን አይደለም። አንድ የታመመ ሰው በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ባለ ዜማ፣ መፍራቱን ይናገራል፤ አድማጩንም ከጎኑ እንዲቆም ይለምናል። ፍራንኮ ከመድረክ ላይ ሆኖ ወደ ታች ተናገረ ካልን፣ ሉታያ ከመድረኩ ወርዶ ከሰው መካከል ቆመ ብንል ስሕተት አይሆንም። በመጨረሻም ለመሞት ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በታኅሣሥ 15 ቀን 1989 ካምፓላ፣ ንሳምቢያ ሆስፒታል ዐረፈ። ዕድሜው 38 ነበር። ፍራንኮ ከሞተ ሁለት ወር ብቻ አልፎ ነበር።

ከእርሱ በኋላ በስሙ የተቋቋመ ቡድን ተነሣ፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በየትምህርት ቤቱ እየሄዱ «እኔ ነኝ» እያሉ የሚናገሩበት። በዩጋንዳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ አዋቂ 15 ያህሉ ቫይረሱ ነበረባቸው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 6 ገደማ ወረደ። ይህን ሁሉ አንድ ዘፋኝ አደረገው የሚል ካለ አንቀበለውም። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የቀበሌ ሹማምንት ደክመውበታል፤ ቁጥሩ የወረደውም ሰው በመጠንቀቁ ብቻ ሳይሆን በመሞቱም ጭምር ነው። ይሁንና ከሉታያ በፊት ስሙ የማይጠራ በሽታ፣ ከሉታያ በኋላ ፊትና ድምፅ ያለው ሆነ።

ከክርክራችን ማታ አንድ ወንድማችን ስለ ፈላ ኩቲ አንሥቶ ነበርና እርሱንም በአጭሩ እንጨምር። ናይጄሪያዊው ፈላ ለወታደር መንግሥት ያልተንበረከከ ጀግና ነበር። በየካቲት 1977 ወታደሮች ቤቱን ወርረው አቃጠሉት፤ እናቱን፣ እርሷም የታወቀች ታጋይ ነበረች፣ በመስኮት ወረወሯት፤ በዓመቱ ሞተች። ይህን ሁሉ የቻለ ሰው በኤድስ ነገር ግን በሽታው የለም፣ ኮንዶምም የአፍሪካዊ አይደለም ባይ ነበር። በነሐሴ 2 ቀን 1997 ሞተ። በማግስቱ ታላቅ ወንድሙ፣ የቀድሞው የጤና ሚኒስትር ኦሊኮዬ ራንሶም ኩቲ፣ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ወንድሙ የሞተው በኤድስ ሳቢያ መሆኑን ተናገረ። ዘፋኙ ያልተናገረውን ሐኪሙ ወንድሙ ተናገረለት። እንግዲህ በጠመንጃ ፊት መድፈርና በራስ ሕመም ፊት መድፈር ሁለት የተለያዩ ድፍረቶች ናቸው፤ ሁለተኛው ካባድ ይመስለናል።

በነገራችን ላይ ስለ እኛም የዘፈኑ አሉ። የእንግሊዝ ዘፋኞች በታኅሣሥ 1984፣ የአሜሪካኖቹ በመጋቢት 1985፣ ከዚያም በሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን በተደረገው ታላቅ ዝግጅት፣ ለኢትዮጵያ ረሀብተኛ ብዙ ሚሊዮን ገንዘብ ሰበሰቡ። እህሉን የበላ ሰው አመስጋኝ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዘፈን ውስጥ «እኔ ተራብኩ» የሚል ድምፅ አልነበረም፤ የተራበው ሰው በፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ በሰፊው እንመለስበታለን።

ታዲያ የእኛስ ዘፈን? አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሉታያን እንከተል፤ አንዱ ይውጣና እኔ ነኝ ይበል» ብለዋል። በዚህ ግን አልተስማማንም። ሉታያ ተናግሮ ሲጨርስ ስቶክሆልም ቤት ነበረው፣ ስሙ ይጠብቀው ነበር። እዚህ ካምፕ ውስጥ የተናገረ ሰው በማግስቱ ከዚያው ቧንቧ ጄሪካኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ራሽን ከዚያው ሰልፍ ይቀበላል፤ ድንኳኑም ከሌላው ድንኳን አንድ ክንድ ነው። ከእኛ መካከል ጎረቤት ያየኛል ብለው የመድኃኒቱን ቀን ያሳለፉ፣ ክኒናቸውን በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ የሚደብቁ እንዳሉ እናውቃለን። በቀን አንድ ክኒን በሚያኖርበት በዚህ ዘመን ሰው በሰልፍ ፍርሃት እየሞተ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ውጣና ዘፍን» ማለት ጭካኔ ነው፤ «ወዮላችሁ» ብሎ መዝፈን ደግሞ ክኒኑን ከእጁ መቀማት ነው።

የመጀመሪያውን ግጥም ቀደድነው። ጻፊዎቹ ቅር አልተሰኙም፤ አንደኛው እንዲያውም ለእሳት ማቀጣጠያ ወሰደው። አዲሱን የጀመረችው ያች ጥያቄ የጠየቀችው እኅት ናት። በግጥሟ ውስጥ የሚናገረው ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጎረቤቱን ቡና ጠጣ ብሎ የሚጠራ ነው፤ ይምጣ አይምጣ ገና አልታወቀም፣ ሦስተኛው አንጓ አልተጻፈምና። ክራር መቺያችን ዜማውን ከትዝታ ወደ ባቲ አዛውሮታል።

ከመካከላችን ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ጥቂት ዓመት የኖሩ አሉ። እንደ ነገሩን ከሆነ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከየሱቁና ከየሚኒባሱ የሉታያ የገና ዘፈኖች ይለቀቃሉ፤ በሕመሙ ዘመን ያልተወለዱ ልጆችም ቃል በቃል አብረው ይዘፍናሉ። ከእነዚህ ዘፈኖች አንዱን በአፉ የያዘ ወንድም ለልምምድ መጥቶ ሊያሰማን ቃል ገብቷል። ልምምዱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከትልቁ ግራር ሥር ነው፤ ላምባ ያለው ሰው ፋኖሱን ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል።