የጠብታ ውኃ ዋናተኞች

ከኩሬ የተቀዳ አንድ ጠብታ ውኃ በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ተማሪ ሁሉ ከፍጥረታቱ ጥቃቅንነት ይበልጥ የሚያስደንቀው ጥድፊያቸው ነው። አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይሯሯጣል፤ ጥቂቶቹም እንደ እንዝርት እየሾሩ ያልፋሉ። እኛም በሳይንስ ክፍላችን ይህን ባየን ጊዜ አንድ ጓደኛችን «እንደ ዓሣ ጅራታቸውን እያወዛወዙ ይዋኛሉ» አለ፤ ሁላችንም አመንነው። ዳሩ ግን ኋላ መጻሕፍት ስንመረምር ነገሩን እንዳሰብነው ሆኖ አላገኘነውም። እነዚህ ፍጥረታት የሚኖሩበት ውኃ እኛ ከምንዋኝበት ውኃ ጋር በስም እንጂ በጠባይ አይመሳሰልም። የሰው ልጅ ይህን ጠንቅቆ ለማወቅ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ይህ ጽሑፍ ያን ታሪክ ባጭሩ ይተርካል፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

የታሪኩ መነሻ በሆላንድ አገር ዴልፍት የምትባል ከተማ ናት። በዚያች ከተማ በ1632 የተወለደው አንቶኒ ቫን ሌወንሁክ የጨርቅ ነጋዴ ነበር እንጂ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሊቅ አልነበረም፤ የዘመኑ ሊቃውንት የሚጽፉበትን የላቲን ቋንቋም አያውቅም ነበር። ነገር ግን በገዛ እጁ ጥቃቅን ሌንሶች እየሠራ ያገኘውን ሁሉ ይመረምር ነበር። አንድ ጊዜ ቁንዶ በርበሬ ስለ ምን እንደሚያቃጥል ለማወቅ ፈልጎ በውኃ ዘፈዘፈው፤ ቈይቶም ያን ውኃ ቢመለከተው ቍጥር የሌላቸው ሕያዋን ሲዋኙበት አገኘ። ይህንንም በ1676 ለንደን ለሚገኘው ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ ገለጸ። የማኅበሩ አባሎች ነገሩን ለማመን ተቸገሩ፤ በ1677 ግን ሮበርት ሁክ የተባለው ሊቅ ሙከራውን ደግሞ እውነት መሆኑን አሳያቸው። በዚያው ዓመት ሌወንሁክ የወንድ ዘር ሕዋስ ጅራቱን እያርገበገበ ሲዋኝ ለማየት በቃ።

እንዲህም ሆኖ ማየት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ ነው። እነዚህ ፍጥረታት በምን ኀይል እንደሚሄዱ ሊያስረዳ የሚችል ሰው በዚያን ጊዜ አልተገኘም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የፈሳሽ ሒሳብ ገና አልተወለደምና። ጆርጅ ስቶክስ በ1851 ትንሽ ኳስ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ የሚያግደውን ኀይል በሒሳብ አሰላ። ቀጥሎም ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በማንቸስተር ከተማ በቧንቧ ውስጥ ውኃ ሲፈስ እያየ አንድ ታላቅ ቁጥር አስገኘ። ይህ ቁጥር የሚገኘው የፈሳሹን እፍጋት፣ የተጓዡን ፍጥነትና የተጓዡን ርዝመት አባዝቶ ለፈሳሹ ዝልግልግነት በማካፈል ነው። ትርጒሙም ተጓዡ የጀመረውን ጉዞ ለመቀጠል ያለው ጠባይ ከፈሳሹ አጋጅነት ጋር ሲመዘን የትኛው እንደሚያይል ያመለክታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ራስህ አስላው። በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚዋኝ ሰው ቁጥሩ ወደ 1,000,000 ይጠጋል። ስለዚህ ሰው አንድ ጊዜ ከገፋ በኋላ እጁን ቢያሳርፍም ጥቂት ይንሳፈፋል። በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ግን ርዝመቱ የሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ ሲሆን፣ በሴኮንድ የሚጓዘው የሚሊሜትር ሠላሳ ሺህኛ ያህል ነው፤ ቁጥሩም ከ0.0001 ያንሳል። ለእርሱ ውኃው ለእኛ ከማር እጅግ የወፈረ ነገር እንደ ማለት ነው። መቅዘፉን ባቆመ ጊዜ ከአንድ አቶም ስፋት ያነሰ ርቀት እንኳ ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ይህን ዓለም በሒሳብ የገለጠው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር ነው። በ1951 ባሳተመው ጥናት፣ ስስ ገጽ እንደ ማዕበል ቢርገበገብ የጉዞ ግፊት ከቶ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ እንኳ ማዕበሉ ከሚሄድበት በተቃራኒ ወደ ፊት እንደሚራመድ አረጋገጠ፤ የማዕበሉ ከፍታ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ1955 ደግሞ ጀምስ ግሬይና ሃንኮክ የባሕር ዝቃቅ የሚባለውን እሾሃም ፍጥረት የዘር ሕዋስ መርምረው፣ በሒሳብ የተሰላው ፍጥነትና በዐይን የታየው ተቀራርበው አገኟቸው። ቴይለር ኋላ በ1960ዎቹ በተነሣው የማስተማሪያ ፊልም ሁለት አሻንጉሊት ዋናተኞችን ያሳያል። አንደኛው ደረቅ ጅራቱን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ በውኃ ውስጥ ይዋኛል፣ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው የተጠማዘዘ ጅራቱን እንደ ብሎን ያዞራል፤ በወፍራሙም ውስጥ እየሰረሰረ ይሄዳል። የጓደኛችን ሐሳብ የተሳሳተው በዚህ ላይ ነበር።

ይሁን እንጂ ሊቃውንቱም ራሳቸው የሚታረሙበት ነገር ነበራቸው። የባክቴሪያ ጅራት እንደ ዘር ሕዋስ ጅራት ይርገበገባል ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር፤ በሕያው አካል ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር ይኖራል ብሎ ለማመን ብዙዎች ይቸገሩ ነበርና። በ1973 ሃዋርድ በርግና ሮበርት አንደርሰን ጅራቱ የሚሽከረከር መሆኑን በማስረጃ ተከራከሩ። በ1974 ማይክል ሲልቨርማንና መልቪን ሳይመን በካሊፎርኒያ የባክቴሪያውን ጅራት ከመስተዋት ጋር አጣበቁት፤ ጅራቱ መዞር ስለ ተከለከለ አካሉ በፈንታው ይዞር ጀመር። ክርክሩ በዚህ ተፈጸመ። ሞተሩ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል ይሽከረከራል።

በ1952 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆነው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ፐርስል በ1977 ባሳተመው ንግግር ይህን ሁሉ ባንድ ምሳሌ ጠቀለለው። ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ዛጎል ክዳኑን ቀስ ብሎ ከፍቶ ፈጥኖ ሲዘጋ በባሕር ውስጥ ይጓዛል። ነገር ግን እንደ ባክቴሪያ ቢያንስ፣ ቀስ አለም ፈጠነም፣ ሲከፍት የሄደውን ያህል ሲዘጋ ይመለሳልና ከቦታው አይነቃነቅም። በዚያ ዓለም ለመራመድ የአመጣጥ መንገድ ከአካሄድ መንገድ መለየት አለበት።

ይህ ዕውቀት ዛሬ ሥራ ላይ እየዋለ ነው። በ1985 ጆን ኬስለር፣ አንዳንድ ዋናተኛ አልጌዎች ወደ ታች በሚፈስ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ወደ ቧንቧው መካከል እንደሚሰበሰቡ አሳየ፤ ስለዚህ የፈሳሽ ሒሳብ አልጌዎችን ከውኃ ለመለየት መንገድ ያመለክታል። ከእነዚህ ዋናተኞች አንዱ የሆነው ዱናሊየላ በጨዋማ ኩሬ እየለማ ቤታ ካሮቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ይወጣለታል። በ2005 የፓሪስ ተመራማሪዎች ማግኔት የሚያርገበግበው ሰው ሠራሽ ጅራት ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር አያይዘው እንዲዋኝ አደረጉ። በ2016 የሞንትሪያል ተመራማሪዎች የማግኔትን አቅጣጫ የሚከተሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒት ተሸክመው በአይጥ ላይ ወደ በቀለ ዕጢ እንዲገቡ ማድረጋቸውን ገለጹ። ልጅ መውለድ ለተቸገሩ ባልና ሚስትም በአንዳንድ ሐኪም ቤት ደኅና የሚዋኙት የዘር ሕዋሳት በቀጫጭን ቦዮች ተለይተው ይመረጣሉ።

ቁንዶ በርበሬ የዘፈዘፈው ነጋዴ ይህ ሁሉ ይሆናል ብሎ አላሰበም። እርሱ አየ፤ ሌላው አሰላ፤ ሌላው የቀድሞውን ስሕተት አረመ። እኛም ተማሪዎች ከፐርስል ዛጎል ትምህርት እንውሰድ። ደብተሩን እንደ ከፈተ እንዲሁ የሚዘጋ፣ በቃሉ የያዘውን ለፈተና ብቻ መልሶ የሚያፈስ ተማሪ ብዙ ቢደክምም ካለበት አይነቃነቅም። ደብተሩን ሲዘጋ ሲከፍት ያልነበረውን አንድ ጥያቄ ይዞ የሚነሣ ግን፣ እርምጃው ምንም ብታንስ፣ ወደ ፊት ይሄዳል።