ከግሸን ማርያም ማግስት

መስከረም 21 ግሸን የሚወጣ ሰው አምባውን አያየውም። የሚያየው የሚረግጠውን ድንጋይና ከፊቱ ያለውን ተሳላሚ ተረከዝ ነው። ጎህ ሳይቀድ መውጣት የጀመረች ባልቴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዱላዋን ተክላ፣ አሥር እርምጃ ሄዳ ታርፋለች። ተሳልመው የሚወርዱት ደግሞ መንገድ እየለቀቁ፣ «አይዞሽ እናቴ፣ ደርሰሻል» ይሏታል። ገና ብዙ እንደሚቀራት እሷም እነሱም ያውቃሉ። ቃሉ ግን ጉልበት ይሆናል።

ግሸን ደብረ ከርቤ መስቀለኛ አምባ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አባታቸው ዐፄ ዳዊት ያስመጡትን ግማደ መስቀል ይዘው መስቀለኛ ቦታ ሲፈልጉ የቆዩትና በመጨረሻ እዚህ ያሳረፉት ለዚህ ነው ይላል ትውፊቱ። ቅርጹ በአንድ እይታ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከሰማይ ነው። የጥንት ሰዎች በእግርና በጸሎት ያወቁትን፣ አብራሪ በአንድ ዙር ያየዋል።

በ1928 ዓ.ም. የግሸን ማርያም በዓል የዋለው ረቡዕ ነበር። በማግስቱ ሐሙስ፣ ተሳላሚው ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ዐድዋን ደበደቡ። ቦምቡ ሲወርድ ከተማዋ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ከአሜሪካ የመጣ ጥቁር አብራሪ ነበር። ስሙ ጆን ሮቢንሰን ይባላል። ወደዚህ አገር ሲመጣ በቺካጎ የአንድ የበረራ ማኅበር መሪ ነበር። ስለ እሱ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ብቻውን ነው። ማኅበሩና ለማኅበሩ አውሮፕላን የገዛችው ነርስ ግን ይረሳሉ።

አውሮፕላን ለወሎ ሰው በዚያ ዓመት እንግዳ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ፖቴዝ 25 በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ እጅ ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ የገባችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው። ሰባት ወር ብቻ ቆይቶ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922፣ ራስ ጉግሣ ወሌ ዋድላ ውስጥ አንቺም ሜዳ ላይ ሲሰለፉ አውሮፕላን በላያቸው በረረ። መጀመሪያ የተጣለው ወረቀት ነበር፤ ቀጥሎ ቦምብ ወረደ። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። እንግዲህ ዋድላና አካባቢው አውሮፕላንን መጀመሪያ ያወቀው በጦርነት ነው።

በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓሉ ቀደም ብሎ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ሚሽካ ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት አዲስ አበባ የተወለደ ነው። ቆየት ብሎም ሙሉእመቤት ኤምሩ የምትባል ወጣት ሥልጠና ጀመረች፤ ጦርነቱ አቋረጠባት። ጅምሩ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ የሚያሠለጥነው ፈረንጅ፣ መለዋወጫው የባሕር ማዶ፣ የተማሪውም ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነበር።

በዚያው ዘመን ከውቅያኖስ ማዶ ሌሎች ጥቁሮች ተመሳሳይ ደጅ እየጠኑ ነበር። ቤሲ ኮልማን አሜሪካ ውስጥ የሚያስተምራት ብታጣ ፈረንሳይ ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ1921 የበረራ ፈቃድ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1926 አደጋ ገደላት። የተቀበረችው ቺካጎ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየዓመቱ ጥቁር አብራሪዎች ከመቃብሯ በላይ እየበረሩ አበባ መጣል ጀመሩ። ከእነዚያ አብራሪዎች መካከል የሮቢንሰን ጓዶች ነበሩ።

ሮቢንሰን ሚሲሲፒ ውስጥ ገልፍፖርት ያደገ፣ ተስኪጊ የተማረ የመኪና መካኒክ ነው። ከባልንጀራው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ቺካጎ በሚገኘው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ለመግባት ሲጠይቁ ቆዳቸው ታይቶ ተከለከሉ። ሮቢንሰን የጽዳት ሥራ ይዞ፣ መጥረጊያውን ይዞ ከክፍሉ ኋላ ቆሞ ትምህርቱን ይሰማ እንደነበር ይተረካል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተላቸው። ሲመረቁ ያው የከለከላቸው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ ጠየቃቸው። ሁለቱም እሺ አሉ።

ከተማሪዎቻቸው ጋር የመሠረቱት ማኅበር «ቻሌንጀር የአየር አብራሪዎች ማኅበር» ይባላል፤ በእኛ አፍ «ተገዳዳሪ» እንደ ማለት ነው። ነጮች በሚያዙበት ማረፊያ ማረፍ ስለሚከብዳቸው የራሳቸውን ለመሥራት ተነሡ። ከቺካጎ በስተደቡብ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ ዛፍ ቆረጡ፣ ድንጋይ ለቀሙ፣ መሬቱን ደለደሉ፣ ከአሮጌ ሳንቃ ለአውሮፕላን መጠለያ አቆሙ። ወሎ ቢሆን ደቦ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ነፋስ መጥቶ መጠለያውን አፈረሰው። እነሱም ሃርለም ወደሚባል ሌላ የአውሮፕላን ማረፊያ ተዛውረው ቀጠሉ።

ማኅበርተኞቹ ሜዳ ሲኖራቸው አውሮፕላን አልነበራቸውም። ለዚያ ደቦ አይበቃም። ያንን ያሟላችው ጃኔት ሃርሞን ናት። ጆርጂያ ውስጥ ግሪፊን የተወለደች፣ ስፔልማን ነርስነት የተማረች፣ ቺካጎ ሄዳ ቋሚ ሥራ የያዘች ሴት ናት። በሮቢንሰንና በኮፊ ክፍል ውስጥ ከወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ሥራ አጥ ለሾርባ በሚሰለፍበት ሰዓት 600 ዶላር አውጥታ የማኅበሩን የመጀመሪያ አውሮፕላን ገዛች። አውሮፕላኗን የምታበረው እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ተራ ገብቶ ተማረባት። እሷም እ.ኤ.አ. በ1934 የግል በረራ ፈቃዷን አገኘች።

ቺካጎንና ኢትዮጵያን ያገናኙት አንድ የወሎ ተወላጅ ናቸው። ዶክተር መላኩ በያን ወሎ ተወልደው ሐረር ቤተ መንግሥት ያደጉ፣ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የተላኩና ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁ ናቸው። ክላውድ ባርኔት የተባለ የጥቁሮች ዜና አገልግሎት መሪ ስለ ሮቢንሰን ነገራቸው። የጣሊያን ጦር መርከቦች ወደ ምጽዋ በሚጎርፉበት በ1927 ዓ.ም. ሮቢንሰን አዲስ አበባ ገባ። ማኅበሩ መሪውን ላከ ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት የኮሎኔልነት ማዕረግና የአየር ኃይል አዛዥነት ነው። አየር ኃይሉ ግን ከሁለት ደርዘን የማይበልጡ፣ አብዛኞቹ ያረጁና መሣሪያ የሌላቸው አውሮፕላኖች ነበሩት። ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ አሰልፏል። ፖቴዝ ባለ ሁለት ክንፍ ናት፤ አብራሪው ከፊት፣ ተሳፋሪው ከኋላ፣ ሁለቱም ፊታቸውን ለነፋስ ሰጥተው ይቀመጣሉ። በእኛ ደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ጭነት ይቀነስለታል። ሮቢንሰን በእንዲህ ያለች አውሮፕላን ደብዳቤ፣ መድኃኒትና ሹማምንት ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ግንባር ተመላለሰ። መንገዱ የወሎን ተራሮች ያቋርጣል። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ሳለ፣ በኅዳር 1928 መጨረሻ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበዋል። ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም።

ማዕረግ በመቀበል ሮቢንሰንን የቀደመ ሌላ ጥቁር አብራሪም የዚያ ዘመን ታሪክ ያስታውሳል፤ ሂዩበርት ጁሊያንን። ከትሪኒዳድ ወደ ኒው ዮርኩ ሃርለም የሄደ፣ ራሱን «ጥቁሩ ንስር» ያሰኘ ሰው ነው። በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ በጃንጥላ ከአየር ዘሎ ቤተ መንግሥቱን አስደነቀ። ኒሻንም የኮሎኔልነት ማዕረግም ተሰጠው። ጥቂት ቆይቶ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ውድ አውሮፕላን ሰበረና ከአገር ተባረረ። ኒሻኑን ሰጥተውታል፤ ተማሪ ግን አልተወም።

ሮቢንሰን ከጦርነቱ ተርፎ ቺካጎ ሲመለስ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተቀበለው። እሱም ወዲያው የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ኮፊና አብራሪዋ ዊላ ብራውን በበኩላቸው ከማኅበሩ ሥር ሌላ ትልቅ ማኅበር አበቀሉ፤ በትምህርት ቤታቸው ካሠለጠኗቸው ወጣቶች ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተስኪጊ አብራሪነት ስማቸው የገነነ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትሎ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በዚህ ጊዜ የመጣው ለማስተማር ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። በቢሾፍቱም ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን አየር ኃይሉን በአዲስ መልክ አደራጀ። በዚህ ሁሉ መሐል ሮቢንሰን ወጣቶች ሲያሠለጥን ኖሮ፣ መጋቢት 1946 አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

የነርሷ ታሪክ የሚቀጥለው ከዚህ ነው። ጃኔት በጦርነቱ ዘመን ለሴት አብራሪዎች ጓድ አመልክታ በቆዳዋ ምክንያት ተመለሰች። በነርስነት ልታገለግል ብትጠይቅም ለጥቁር የተመደበው ቦታ ሞልቷል ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1943 አላባማ ሄዳ የንግድ በረራ ፈተናዋን በብቃት ብትፈጽምም ፈታኙ ለጥቁር ሴት ፈቃድ አልሰጥም አላት። ቺካጎ ተመልሳ ያንኑ ፈተና ወስዳ ፈቃዱን ተቀበለች። ከዚያ ከባለቤቷ ከሰምነር ብራግ ጋር የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እያስተዳደረች ኖረች።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲልክ ቺካጎ የደረሱም ነበሩ። ከአገር የወጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚያጣው መጽሐፍ አይደለም። የሚያጣው ሲታመም የሚጠይቀው፣ በበዓል ቀን ና ግባ የሚለው ሰው ነው። የሚሺጋን ሐይቅ ነፋስ አጥንት ሲሰብር የሐይቅን ወይም የደሴን ብርድ የለመደ ሰው እንኳ ይሸነፋል። ጃኔት ብራግ ለእነዚህ ልጆች እናት ሆነችላቸው። ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ። ሮቢንሰን በሞተበት ዓመት ክረምት ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካን ጎብኝተው ቺካጎ ሲደርሱ አግኝተው አመሰገኗት፤ ኢትዮጵያንም እንድታይ ጋበዟት። እሷም መጥታ አየች።

ልብ በሉ፤ የጋበዟት በአብራሪነቷ አልነበረም፤ በተማሪዎቹ ነው። የበረራ ዓለም ራሱ ያስታወሳት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ቢሾፕ ራይት የተባለውን የአቪዬሽን ሽልማት በሰጣት ጊዜ ነው። ያኔ 78ኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ያቺ በ600 ዶላር የተገዛችው አውሮፕላን ግን ሽልማቷን ገና እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከፍላ ጨርሳለች፤ የተማሩባት ሰዎች ሌሎችን አስተምረዋልና።

የሮቢንሰን ስም ዛሬ በአዲስ አበባ ጨርሶ አልጠፋም። በወመዘክር የተከፈተው የአሜሪካ ማዕከል በስሙ ተሰይሞ ተማሪዎች ሲያነቡበት ቆይተዋል። የጃኔትን ስም ግን የሚያውቅ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ሙሉእመቤት ኤምሩ የጀመረችው መንገድም ተቋርጦ አልቀረም፤ የባሕር ዳሯ ልጅ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። በኅዳር 2008 ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች የሆኑበትን በረራ መርተው ባንኮክ አሳረፉ።

የበረራ ክበብ ለማቋቋም የሚያስቡ ወጣቶችና የሚደግፏቸው ድርጅቶች ከቺካጎዎቹ የሚማሩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይመስለኛል። መሪ መምረጥ፣ ማኅተም ማስቀረጽ፣ በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ማደል ቀላል ነው። ክበቡ ዕድሜ የሚያገኘው መሪው አስተማሪ ሲሆን፣ ገንዘብ ያለው አባል ደግሞ ሌላው ተራ የሚገባበትን ነገር ሲገዛ ነው።

ዛሬ አቅም ያለው የግሸን ተሳላሚ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን ይመጣል። ከዚያ በመኪና ደሴንና ሐይቅን አልፎ ወደ አምባሰል ተራሮች ይዘልቃል። የመጨረሻውን ዳገት ግን ከሌላው እኩል በእግሩ ይወጣዋል። እዚያ ላይ የአውሮፕላን ትኬት አይሠራም። የሚሠራው ቀድሞት የወጣ ሰው መንገድ ለቆ የሚለው ቃል ነው፤ «አይዞህ፣ ደርሰሃል።»