ታላቁና ታናሹ ፍላሽ

ሠርግ ማንሳት የሚጀምሩ ልጆች ካሜራው አናት ላይ የሚሰካውን ፍላሽ እንደ ትርፍ ወጪ ያዩታል፤ ካሜራው የራሱ አለውና። በታሪክ ግን ታላቁ የውጪው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመናውያኑ አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲከ ማግኒዥየምን ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር ቀላቅለው፣ ሲለኩሱት ቦግ ብሎ የሚጠፋ ዱቄት ሠሩ። ኒውዮርክ ውስጥ የፖሊስ ወሬ ይዘግብ የነበረው የዴንማርክ ተወላጅ ጄኮብ ሪስ ይህን እንደሰማ፣ ድሆች ታጭቀው የሚያድሩባቸውን ጨለማ ክፍሎች በሌሊት ማንሳት ጀመረ። መጀመሪያ ዱቄቱን የሚያቀጣጥለው በሽጉጥ መሰል መሣሪያ ነበር፤ ሰው ሲደነግጥበት በመጥበሻ ተካው። ሁለት ጊዜ ቤት፣ አንድ ጊዜም ራሱን በእሳት ለኩሷል። በሙያችን እንደሱ የማከብረው ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ እሳት መቼም ካሜራ ላይ አይቀመጥም፤ ራቅ ተደርጎ ይያዛል እንጂ።

የፍላሽ አምፖል በ1929 መጥቶ የዱቄቱን ጭስ አስቀረ። በ1930ዎቹ ደግሞ የኤምአይቲው ሃሮልድ ኤጀርተን ደጋግሞ የሚበራውን የኤሌክትሪክ ፍላሽ አዳበረ። ፍላሽ ካሜራው ሆድ ውስጥ የገባው በ1964 በፎክትሌንደር ቪትሮና ነው፤ ለየቤተሰቡ ያዳረሰው የ1975ቱ ኮኒካ ሲ35 ኢኤፍ ነው። ዲጂታሎቹም የወረሱት ይህንኑ ነው።

ምቾቱ ግን ፊትን ጎዳ። ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ ሲወጣ፣ በጨለማ በሰፋው የዓይን ብሌን ገብቶ ደም የበዛበትን የዓይን ጀርባ ነክቶ በመጣበት ይመለሳል፤ ቀይ ዓይን የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥላ ስለሌለም ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የሙሽራዋ ግንባር ላቡ ያብረቀርቃል፤ የጥበቡ ክር ነጩ ጨርቅ ውስጥ ይጠፋል። አቅሙም አነስተኛ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ያሉት ሚዜዎች ወተት ሲመስሉ ከኋላ የቆሙትን እናቶች ጨለማ ይውጣቸዋል።

የውጪውን አንገቱን ቀና አድርጌ ወደ ነጭ ኮርኒስ ስተኩሰው ብርሃኑ ሰፍቶ ከላይ ይወርዳል፤ አፍንጫ ጥላ ያገኛል፣ ጥበቡም ቀለሙ ይመለሳል። አረንጓዴ ሸራ የተወጠረበት ዳስ ውስጥ ግን የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን ሁሉ አረንጓዴ ስለሚያደርገው፣ ከካሜራው ነቅዬ ከጎን ለሚቆመው ረዳቴ አስይዘዋለሁ።

ትንሹን የምወድበት ቦታም አለ፦ ጥምቀት ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ድባብ ሥር የቆሙ ካህናት። ለሰማዩ ለክቼ ሳነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። 2 ሜትር ያህል ቀርቤ ያንን ፍላሽ ስከፍተው ሰማዩ ሰማያዊነቱን ሳይለቅ ዓይናቸው ይገለጣል፤ እዚያ ሌላ ዕቃ አልሸከምም።