ከሆመቾ እስከ ጄፒ ጎዳና፦ በትንሽ ካፒታል የተሠራ የንግድ ታሪክ

ስለ ድርጅቶች የፈጠራ አቅም በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሱልን ባለ ብዙ ካፒታሎቹ ናቸው። ከሆመቾ፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነሥተው ደቡብ አፍሪካ የገቡ ወጣቶች ባዶ እጃቸውን ያቆሙትን ንግድ ግን ታሪክ ብለን አልጻፍነውም።

አፓርታይድ በ1986 ዓ.ም. ሲያከትም ነጭ ባለሀብቶች የጆሃንስበርግን መሐል ከተማ እየለቀቁ ነበር። በጄፒ ጎዳና (ዛሬ ራሂማ ሙሳ ይባላል) ሐኪሞች ይሠሩባቸው የነበሩ ፎቆች ተለቀቁ። ኢትዮጵያውያን ገቡባቸው፤ የምርመራ ክፍሎቹን በቀጭን ግድግዳ ሸንሽነው የጠባብ ሱቆች መደዳ አደረጓቸው። የአንድ ክፍል ኪራይ ለብዙዎች ተከፋፈለ።

የሀዲያና የከምባታ ልጆች በብዛት የጎረፉት ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ነው። አዲስ ገቢው ከጄፒ ብርድ ልብስና መጋረጃ በዱቤ ይወስዳል፤ ልጆቹ «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ቤት ለቤት ዞሮ፣ እሱም በዱቤ ይሸጣል፤ ደመወዝ ሲወጣ ተመልሶ ይሰበስባል። ያልተሸጠውን ዕቃ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ይተካዋል፤ የገበያ ጥናቱ ይኸው ነው። ዕቁብ ሲደርሰው ከአገሩ ልጅ ጋር ሱቅ ይከፍታል። ባለ ሱቆቹ በጅምላ አብረው ይገዛሉ፤ የመኪና ኪራይ ይጋራሉ፤ ሲጋራውን በፍሬ፣ ስኳሩን በትንሽ በትንሹ ይቸረችራሉ።

እንደ እኔ እምነት የዚህ ፍጥነት ምንጭ ችግር አይደለም። ችግርማ ሆመቾም ሞልቶ ነበር! ልዩነቱ ያለ ማስያዣ ዕቃ የሚያምን የአገር ልጅ መኖሩና በጥገኝነት ወረቀት መሥራት መቻሉ ነው። ያው ወጣት አገር ቤት ቢሆን ተደራጅ ይባላል፤ ማስያዣ አምጣ ይባላል፤ ፊርማና ማኅተም ሲጠብቅ ዓመቱ ያልቅበታል።

ወረቀቱ ግን ከለላ አልሆነም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ ዜጎች ላይ የተነሣው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ2004 ዓ.ም. የሊምፖፖ ፖሊስ ሱቆቻቸውን በዘመቻ ዘጋ፤ የኢትዮጵያውያንና የሶማሌዎች ማኅበራት ተከራክረው በመስከረም 2007 ዓ.ም. በይግባኝ ፍርድ ቤት ረቱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ ደርባን ውስጥ በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት ተቀሰቀሰ።

በዚህ ዋጋ የተገኘው ገንዘብ ሆሳዕና ሲደርስ ፎቅ ሆነ። ፎቅ መሥራቱን አልነቅፍም። ነገር ግን በምድር ቤቱ ሱቅ ለሚጀምር ልጅ፣ ያለ ማስያዣ ዕቃ የሚያስይዝ የጄፒ ዓይነት ጅምላ ሻጭ ለምን አብሮ አልመጣም?