የጭቃ ቤት እግሩ የት ነው?

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ተራራ ስትወጡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ብዙ የጭቃ ቤት ታያላችሁ። «የጭቃ ቤት» እንበለው እንጂ ቤቱን የተሸከመው ጭቃው አይደለም። የጣሪያው ክብደት በምሰሶውና በቋሚዎቹ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል፤ ማገሩ ቋሚዎቹን ያስተሳስራል። ከጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ ሥራው ነፋስና ብርድ መከልከል ነው።

ይህ አሠራር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ ገጠር ያሉ የድሮ የእንጨት ቤቶችም እንደዚሁ ናቸው፦ የኦክ እንጨት ይሸከማል፣ ጭድና እበት የተቀላቀለበት ጭቃ ክፍተቱን ይሞላል። ታዲያ ከእነሱ ብዙዎቹ መቶ ዓመታትን ሲሻገሩ የእኛዎቹ ለምን ቶሎ ይዘማሉ?

መልሱ ያለው እግሩ ላይ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ውኃም አየርም ይፈልጋል። እርጥበቱ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አይሠራም። ቋሚው መሬት በሚገባበት ቦታ ግን ውኃውም አየሩም አለ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እዚያ ጋ ነው።

እንግሊዞችም ድሮ ቋሚውን ጉድጓድ ቆፍረው ይተክሉ ነበር፤ ቤታቸውም ብዙ አይቆይም ነበር። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ግን ቋሚውን በአግድም ግንድ ላይ፣ ግንዱን ደግሞ በድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ እየተለመደ መጣ። በኤሴክስ፣ ክሬሲንግ ቴምፕል የሚገኘው የእንጨት የገብስ ጎተራ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተሠርቶ ዛሬም ቆሟል። ዕድሜው የታወቀው በእንጨቱ የዕድገት ቀለበቶች ነው።

እኛስ? አያቶቻችን ወይራና ጥድ ነበራቸው። የእነዚህ ዛፎች ውስጠኛው እንጨት በተፈጥሮው መበስበስን ስለሚቋቋም መሬት ውስጥ ተተክሎም ይቆያል። ደኑ ሲሳሳ ባሕር ዛፍ ተተካ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎም ይወጣል፤ መሬት ውስጥ ግን እንደ ወይራ አይበረክትም። እንጨቱ ተለወጠ፣ አተካከሉ ግን እንደነበረ ቀረ። ስሙ የጠፋው ግን የጭቃው ነው።

ከላይ የሚመጣውን ውኃ መከላከሉንማ አገሩ ድሮም ያውቅበታል። ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ጋይንት ሲደርስ፣ ጥንታዊውን ባለ አራት ማዕዘን የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ያገኘው በክብ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ተሸፍኖ ነው። የቀረን የታችኛው ነው።

ቋሚውን ከአፈር አውጥቶ ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ግን ዋጋ አለው። የተተከለ እንጨት ነፋስ ሲገፋው ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ግን በየማዕዘኑ ሰያፍ ድጋፍ ይፈልጋል። የእንግሊዞቹ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚታዩት ሰያፍ እንጨቶች ለጌጥ ብቻ አይደሉም።

ስለዚህ የጭቃ ቤታችሁን አፍርሳችሁ ለብሎኬት ከመበደራችሁ በፊት፣ ክረምት ሲወጣ ቋሚው አፈር የሚነካበትን ቦታ በሚስማር ወጋ አድርጉት። ሚስማሩ እንደ ቅቤ ከገባ የታመመው እግሩ ነው። እግር ደግሞ ይታከማል።