የማረቆ በርበሬና ፌኖሎቹ

የማረቆ በርበሬ፦ በእንሴኖ፣ በማረቆና በቡታጅራ ዙሪያ የሚመረት፣ ሲደርቅ ወደ ቡናማ የሚያደላ ጥቁር ቀይ መልክ የሚይዝ በርበሬ። ስመ ጥሩው ዝርያ «ማረቆ ፋና» ይባላል።

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ራሱ የፌኖል ውህድ ነው። ብዙዎቻችን ጥፋቱን በፍሬው ላይ እናላክካለን። ዛላውን በቁመቱ ሰንጥቆ ለሚያይ ግን ምንጩ ፍሬዎቹ የተጣበቁበት ነጣ ያለ ሥጋ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከእሱ ጋር ስለሚነካካ ነው። በርበሬ ውስጥ ኬርሴቲንና ሉቴኦሊን የተባሉ ፍላቮኖይዶችም አሉ። እነዚህ ውህዶች ሃይድሮጂን በመለገስ ሴል የሚጎዱ ነፃ ራዲካሎችን ያበርዳሉ። ይሁንና በብልቃጥ የተለካ አቅም በሰውነት ውስጥ እንዳለ ይሠራል ማለት አይደለም፤ በርበሬን መድኃኒት አድርጎ መሸጥ ሰውን ማሳሳት ነው። ቀዩ ቀለም፣ ካፕሳንቲን፣ ጸረ ኦክሲዳንት ቢሆንም ፌኖል ሳይሆን ካሮቲኖይድ ነው።

እሸቱ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ ቫይታሚኑን በብዛት ያወጣው ከሴጌድ ከተማ በርበሬ ነበር። በርበሬው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ግን አብዛኛው ቫይታሚን ይጠፋል። ቀለሙንም ብርሃንና አየር ያደበዝዙታል፤ ስለዚህ በዛላው የቆየ በርበሬ ከተፈጨው ይልቅ ጥራቱን ይጠብቃል።