የከርነል ዐቃብያንና የሦስቱ ጥሪዎች ታሪክ

ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል ሲወርዱ በሚገኘው ቆላ፣ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በኦጎልቾ፣ ሽንኩርቱን አስመዝኖ የሸጠ ገበሬ ዋጋውን በእጅ ስልኩ በቴሌብር በሚቀበልበት ሰዓት፣ መልእክቱ ደረሰ አልደረሰ ብሎ መስተዋቱን ከመመልከት በቀር፣ በዚያች ስልክ ውስጥ ስለ እርሱ ዘብ የቆመ ዐቃቤ መኖሩን ያስብ ዘንድ የሚያስገድደው ነገር የለም። ዐቃቤው ግን አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሥራውን ሲጀምር፣ የአንድሮይድ ስልክ ሊኑክስ የተባለውን ከርነል ተሸክሞ፣ በከርነሉም ውስጥ ኤስኢሊኑክስ የተባለውን የጥበቃ ሞጁል ካሰማራ ሰባት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ምስጢር እንዳይመረምር ከሚከለክሉት አንዱም ይኸው ሞጁል ነው። እኔ ልተርከው የተነሣሁት ግን ስለ ዐቃቤው ጀግንነት ሳይሆን፣ ፕሮግራሞች ዐቃቤውን የሚያነጋግሩበት በር እንዴት እንደ ተሠራ፣ ስለ ምን እንደ ተዘጋና ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በምን መልክ እንደ ተከፈተ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከርነል በኮምፒዩተሩ ላይ (ስልክም ኮምፒዩተር ነውና) ሙሉ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ነው፤ ማኅደረ ትውስታውን፣ ዲስኩንና መረቡን የሚያዝ እርሱ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ በፊቱ ደጅ ጠኚ ነው። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ባለ ጉዳይ እልፍኝ ዘው ብሎ እንዳይገባ፣ ነገሩን ለአጋፋሪው ነግሮ መልሱን በደጅ እንዲጠብቅ እንደ ተደነገገ፣ ፕሮግራምም ጉዳዩን የሚያቀርበው ሲስተም ኮል በሚባለው ጥሪ ብቻ ነው። የአጠራሩ ሥርዓት እጅግ አጭር ነው፤ ባለ 64 ቢት በሆነው የኢንቴል ዓይነት ማሽን ላይ ፕሮግራሙ የጥሪውን ቁጥር በአንድ ሬጅስተር (በማሽኑ አንጎል ውስጥ ባለ ትንሽ የቁጥር ማኖሪያ) ያኖራል፣ ዝርዝሩን በሌሎቹ ሬጅስተሮች ያሰልፋል፣ ከዚያም አንዲት ትእዛዝ ሰጥቶ ሥራውን ለከርነሉ ይለቅቃል። 0 ማንበብ፣ 1 መጻፍ፣ 2 ፋይል መክፈት ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የተመሠረቱት ፕሮግራሞች የት እንዳሉና ማን እንደሚሠራባቸው ማንም ቈጥሮ ስለማይዘልቀው፣ አንድ ጊዜ የወጣ ጥሪ እንዲሁ በቀላሉ አይሻርም፣ ትርጓሜውም አይለወጥም። አዲስ ጥሪ ማውጣት በሊኑክስ ሊቃውንት ዘንድ የሚፈራውና ብዙ ክርክር የሚነሣበት ስለዚህ ነው።

የጥበቃው ሐሳብ ራሱ ከሊኑክስ ይቀድማል። በ1972 ጄምስ አንደርሰን ለአሜሪካ አየር ኃይል ባቀረበው ጥናት፣ ፈቃድን የሚመረምር ዐቃቤ ሊያሟላው የሚገባውን ሦስት ነገር ደንግጎ ነበር፤ ይኸውም ማንም ሊነካካው የማይችል እንዲሆን፣ ማንም ሳይጠራው እንዳያልፍ፣ እንከን የሌለው መሆኑም ተመርምሮ ይረጋገጥ ዘንድ አካሉ ትንሽ እንዲሆን ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ በ1969 የጀመሩት ዩኒክስ ግን ቀላሉን መንገድ መርጦ፣ ፈቃድን ለባለቤት፣ ለቡድንና ለሌላው ሰው ብሎ በሦስት ከከፈለ በኋላ፣ ሩት ለተባለው አንድ ተጠቃሚ ሁሉን ፈቀደለት። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ሊኑክስን ሲጀምር የወረሰው ይህንኑ ልማድ ከነጉድለቱ ነው።

ነገሩ የተነቃነቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት ኤስኢሊኑክስን በዲሴምበር 2000 ለሕዝብ ሲገልጥ ነው። በተከታዩ ዓመት በማርች ወር የከርነሉ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ጉባኤ ይኸው ሥራ ቢቀርብ፣ ቶርቫልድስ ከጥበቃ ስልቶች አንዱን መርጦ ሌላውን ከመንቀፍ ይልቅ፣ ሁሉም በየሞጁላቸው የሚገቡበት አንድ የጋራ መዋቅር እንዲሠራ ጠየቀ። ዋይሬክስ ከተባለው ኩባንያ ክሪስፒን ካወንና ክሪስ ራይት፣ ከኤስኢሊኑክስ ወገን ስቲቨን ስሞሊ፣ ሌሎችም ተባብረው የሊኑክስ የጥበቃ ሞጁሎች የተባለውን መዋቅር አበጁ። ብልሃቱ እንዲህ ነው፤ ከርነሉ ፋይል ሊከፍት፣ የመገናኛ ሶኬት ሊያበጅ፣ አዲስ ፕሮግራም ሊያስነሣ ሲል፣ የዱሮውን የፈቃድ ምርመራ ከጨረሰ በኋላ ሞጁሉን ይጠይቃል፤ ሞጁሉ ዜሮ ቢመልስ ጉዳዩ ያልፋል፣ ሌላ ቢመልስ ይከለከላል። ሞጁሉ የተፈቀደውን ይከለክል ዘንድ እንጂ የተከለከለውን ይፈቅድ ዘንድ ሥልጣን የለውም።

በዚህ መዋቅር ውስጥ አብሮ የገባ አንድ ጥሪ ነበረ፤ ስሙም ሲስ ሴኪዩሪቲ ይባል ነበር። ማንኛውም ሞጁል የፈለገውን ነገር በዚህ በአንድ በር እንዲያሳልፍ የታሰበ ሲሆን፣ በውስጡ የሚያልፈው ምን እንደ ሆነ ከሞጁሉ ባለቤት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በ2002 ብርቱ ተግሣጽ ተነሣበት። ዝርዝሩ ያልተነገረ ጥሪ አስቀድሞ ሊመረመር አይችልም፤ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በባለ 64 ቢት ከርነል ላይ ሲጠራው የሚተረጉምለት የለም፤ ከዚህም ሁሉ በላይ ማንም ያልመከረበት ጥሪ በየሞጁሉ በስውር እንዲወለድ ፈቃድ መስጠት ነው ተባለና በዚያው ዓመት ከከርነሉ ወጣ። በባለ 64 ቢቱ የጥሪዎች ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር 185 እስከ ዛሬ ድረስ ሴኪዩሪቲ የሚል ስም ይዞ ተቀምጧል፤ ቢጠሩት ግን እንዲህ ያለ ጥሪ የለም ብሎ ይመልሳል። (ስሙ ያለ፣ ሥራው የሌለ ሹመት በእኛም አገር እንግዳ አይደለም።) እኔ ውሳኔው የቀና ነበር እላለሁ፤ የሚያስነቅፈው በምትኩ የተደረገው ነው።

በምትኩ ፕሮክ በተባለው ሰው ሠራሽ የፋይል ዛፍ ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ሂደት (በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም ሁሉ) አትር የተባለ ማኅደር ተበጀለትና፣ ከረንት የተባለውን ፋይል ያነበበ ሂደቱ በምን የጥበቃ ስም እንደሚሠራ ያውቅ ጀመር። ኤስኢሊኑክስ በ2003 በ2.6 ከርነል ብቻውን ሲገባ ይህ ይበቃ ነበር። ነገር ግን በ2008 የኬሲ ሻውፍለር ስማክ፣ በ2010 አፕአርሞር ተጨመሩ፤ ሁሉም በአንዱ ፋይል ይጽፉ ስለ ነበር፣ አንባቢው ያገኘው ቃል የማን እንደ ሆነ በፋይሉ ላይ የሚነግረው ምልክት አልነበረም። ኤስኢሊኑክስ በሁለት ነጥብ (:) የተለያየ ረጅም ስም ይጽፋል፣ ስማክ አንዲት አጭር መለያ፣ አፕአርሞር የራሱን የገደብ መግለጫ፤ ፕሮግራመሩ እንግዲህ ከአጻጻፉ ይገምት ነበር። በ2015 በ4.2 ከርነል አነስተኛ ሞጁሎች በአንድ ላይ ይደራረቡ ዘንድ ሥርዓት ከተሠራ በኋላ፣ ታላላቆቹም እንዲደራረቡ ሲፈለግ ትልቁ መሰናክል ይኸው ፋይል ሆነ። ለአንድ ጊዜ የተመቸ መፍትሔ ለብዙ ዓመት ዕዳ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

በ2021 ሚካኤል ሳላዩን ያበጀው ላንድሎክ በ5.13 ከርነል ሲገባ፣ ተራ ፕሮግራም ያለ ሩት ሥልጣን ራሱን የሚገድብባቸውን ሦስት ጥሪዎች ከቁጥር 444 እስከ 446 ይዞ መጣ። በጥበቃ ሞጁል ስም ጥሪ ማውጣት ነውር አለመሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከዚያም የስማክ ደራሲ ሻውፍለር፣ የሞጁሎቹን መዋቅር የሚጠብቀው ፖል ሙርም እየመረመረው፣ ብዙ ጊዜ ታርሞ የተመለሰ ሥራ በማርች 2024 በወጣው በ6.8 ከርነል አስገባ። ጥሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ 459 ሂደቱ የራሱን የጥበቃ ስም የሚጠይቅበት፣ 460 የሚለውጥበት፣ 461 በከርነሉ ላይ የትኞቹ ሞጁሎች እንዳሉ የሚያውቅበት። መልሱ የሚመጣው በአንድ በተወሰነ ቅርጽ ነው፤ አስቀድሞ የሞጁሉ መታወቂያ ቁጥር፣ ቀጥሎ የሞጁሉ የራሱ የሆነ ምልክት፣ የመዝገቡ ጠቅላላ ርዝመት፣ የስሙ ርዝመት፣ እነዚህም አራቱ ባለ 64 ቢት ሆነው፣ በመጨረሻ ስሙ ራሱ። መታወቂያዎቹ በመዝገብ የተወሰኑ ናቸው፤ ኤስኢሊኑክስ 101፣ ስማክ 102፣ አፕአርሞር 104። ፕሮግራሙ ለመልሱ ያዘጋጀው ቦታ ካነሰ ከርነሉ ቆርጦ ግማሹን አይሰጥም፤ የሚያስፈልገውን መጠን ጽፎ ይመልሳል።

በቅርብ ሲመለከቱት የሚያስደንቀው የተከለከለው ነገር ነው። ሂደት በእነዚህ ጥሪዎች የሚጠይቀው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ የሌላው ሂደት ቁጥር በመጠየቅና በመመለስ መካከል ባለቤቱ ሞቶ ለሌላ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ይህ ገደብ እጅግ የተመሰገነ ይመስለኛል። ሲለውጥም በአንድ ጥሪ የአንድን ሞጁል ስም ብቻ ይለውጣል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ቢጠይቅና አንደኛው ፈቅዶ ሁለተኛው ቢከለክል፣ በእኩሌታ የተለወጠ ሂደት መልሶ ማቅናት ጭንቅ ነውና። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ አንድ ነገር አምልጧል፤ ፕሮግራሙ ለመልሱ ያዘጋጀውን ቦታ መጠን ለጥሪው የሚነግርበት መለኪያ እንደ ማሽኑ የሚሰፋና የሚጠብ ዓይነት ሆኖ ስለ ወጣ፣ በ2002 የተነቀፈው የባለ 32 ቢቱ ችግር በሌላ በኩል ብቅ አለ፤ ከርነሉ በወጣበት በማርች ወር ግን መለኪያው ወደ ተወሰነ ባለ 32 ቢት ቁጥር ታረመ።

በኖቬምበር 2024 በ6.12 ከርነል አይፒኢ የተባለ አዲስ የጥበቃ ሞጁል ሲጨመር መታወቂያ 113 ተሰጠው፤ ስለ እርሱ ተብሎ ከሦስቱ ጥሪዎች አንዱም አልተለወጠም።